በቋንቋዬ ጽፌ በጎረቤቴ ስም ስለመጠቀሴ

ለተከበሩ የኮሌጁ ዲንና የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደሚወዷቸው መጽሔቶች የተጽዕኖ ነጥብ ከዓመት ዓመት ከፍ እንዲል፣ የደም ግፊትዎ ግን እንደ እኛ መጽሔት ነጥብ ዝቅ ብሎ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። መስፈርቱን አያሟላም የሚለው ሦስተኛው ደብዳቤዎ ባለፈው ሰኞ ደርሶኛል፤ እንደ ቀደሙት ሁለቱ ማኅተሙ ጥርት ያለ፣ ወረቀቱም ወፈር ያለ ነው፤ ስለ ወረቀቱ አመሰግናለሁ።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ያወጣሁት ሌላውም አንብቦ እንዲፈርድ ነውና ማን እንደሆንኩ ባጭሩ ልናገር። በዚህ የግብርና ኮሌጅ ሠላሳ አንድ ዓመት ነቀዝ ሳጠና ኖሬአለሁ፤ በቋንቋችን በምትታተመው መጽሔታችን ላይ አሥራ ዘጠኝ ጽሑፎች አውጥቻለሁ፤ አዘጋጇም፣ ፊደል ለቃሚዋም፣ አንዳንዴም ተሸካሚዋ እኔው ነኝ። ከአራት ወር በኋላ ጡረታ እወጣለሁ። እስከዚያ ተባባሪ ፕሮፌሰር ካልተባልኩ ረዳት ፕሮፌሰር እንደሆንኩ መቅረቴ ነው፤ አማቴም፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ይህን ሁሉ ዘመን ማንን ስትረዳ ኖርክ ብለው በሰው ፊት ጠይቀውኛል።

አንደኛ። ኮሚቴዎ ባወጣው መመሪያ መሠረት በቋንቋችን የተጻፈ ጽሑፍ በውጭ አገር ሊቃውንት ስላልተጠቀሰ ዋጋው ዜሮ መሆኑን በአክብሮት ተቀብያለሁ። የእኔ አንባቢዎች የዘር መጋዘን ጠባቂዎችና ገበሬዎች ናቸው። ጽሑፌን ገንጥለው በእህል መጋዘናቸው በር ላይ ይለጥፉታል፤ እህላቸውን ከነቀዝ ካዳኑ በኋላ ግን እገሌ በእገሌ ቅጽ እንዳለው ብለው የግርጌ ማስታወሻ አይጽፉም። ይህ ትልቅ ስንፍና ስለሆነ ኮሚቴው ገሥጾ ቢያርማቸው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ። ስለ ጎረቤቴ ነው። በአንድ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፤ የመስኮቱ በኩል የእሱ፣ የበሩ በኩል የእኔ። ከስድስት ዓመት በፊት ለሁለት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ፣ የዘር ማስጣት ጥናቴን አንድ በአንድ እንዳስረዳው በትሕትና ለመነኝ። ዘሩ ጎተራ ከመግባቱ በፊት ስንት ቀን ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ነቀዙ ሞቶ ዘሩ እንደሚተርፍ ነገርኩት። እሱም ሰንጠረዤን በስልኩ አነሳና ወንድም ጋሼ፣ ትልቅ ሰው ነህ አለኝ። በዓመቱ ያው ነገር በባዕድ ቋንቋ፣ በእሱ ስም ወጣ። እኔን የት እንዳስገባኝ ብጠይቀው፣ መጨረሻ ላይ አንድ የአካባቢው ባለሙያ ተብዬ መመስገኔን አሳየኝ፤ መጽሔታችንን ቢጠቅስ የማጣቀሻ ዝርዝሩ ደረጃ እንደሚወርድበት መመሪያዎ ላይ መጻፉንም ጣቱን ጭኖ አስነበበኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እናንተ ግን አጥር መነቅነቂያውን በአንቀጽ ስላወጣችሁለት ወንድሜን አልወቅሰውም።

እንደ እውነቱ ከሆነ ግን እወቅሰዋለሁ። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ተጠቅሷል፤ በየሳምንቱ እየገባሁ ስለምቆጥር ቁጥሩን ከእሱ ይበልጥ እኔ አውቀዋለሁ። እሱ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ፎቶግራፉ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ፤ እኔም ሻይ ልጠጣ በወጣሁ ቁጥር በሥሩ አልፋለሁ። ልጄ በበኩሏ የአባቷን ስም በኢንተርኔት ብትፈልግ ያገኘችው አንድ የጎማ ነጋዴ ነው። ቀንቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ቅናት አጥንት ውስጥ እንደሚገባ ነቀዝ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ በሙያዬ ላረጋግጥልዎ የምችለው፣ ይኼኛው ፀሐይ ላይ ቢሰጣም እንደማይሞት ነው።

ሦስተኛ። መጽሔታችን ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በባዕድ ቋንቋ ብቻ ትታተም መባሉን ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለን። ያኔ ገበሬዎቹ አያነቧትም፣ ውጭ ያሉትም ከእርሷ የሚበልጥ ስላላቸው አያነቧትም፤ ሁሉም እኩል ሆነ ማለት ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ያ የዘር ማስጣት ጽሑፌ መጀመሪያ ሲታተም ፊደል ለቃሚው እኔ ስለነበርኩ አንድ ስሕተት አምልጦኝ ነበር። ዘሩ መሰጣት የሚገባው አራት ቀን ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ግን ከአራቱ ፊት አንድ ቁጥር ገብታ አሥራ አራት አደረገችው። መጽሔቷ በወጣች በሳምንቷ አንዲት የዘር መጋዘን ጠባቂ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ገጿን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው፣ ይህን ያሉትን ብናደርግ የሚተርፈን የሚቆላ እንጂ የሚዘራ አይደለም፣ ዘር እኮ ከሳምንት ካለፈ በፀሐይ ይሞታል አሉኝ። አፈርኩ፤ አመሰገንኳቸውም፤ በሚቀጥለው እትም ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ እርማት አወጣሁ። ገበሬዎቹም እርማቱን አንብበው በየበራቸው ያለውን በእስክሪብቶ አስተካከሉ።

ጎረቤቴ ግን እርማቱ ሳይወጣ ስላነሳት ስልኩ ላይ የቀረችው የመጀመሪያዋ ሰንጠረዥ ነበረች። የዘራሁትን ሲያጭድ እንክርዳዱንም አብሮ ወሰደው። ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ሊቃውንትም አሥራ አራት ቀን እያሉ ይጠቅሱታል። እርማቱን ነገርኩት፤ ያው እንግዲህ፣ ከቋንቋችን ውጭ ያልወጣ እርማት ዓለም አቀፍ ተቀባይነት የለውም አለኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ትክክለኛው ሥራዬ ከቁጥር እንደማይገባ ነግረውኛል፤ ይሁን። ስሕተቱ ግን የእኔ ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም አልሠራውም፤ በዓለም ሁሉ የተጠቀሰውም እሱ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ጥቅሶች ከጎረቤቴ ሂሳብ ተቀንሰው ለእኔ ማዕረግ እንዲታሰቡልኝ፣ ፎቶግራፉም ከተሰቀለበት ወርዶ የእኔ እንዲሰቀል በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ጺሜንም ተላጭቼ እጠብቃለሁ።

የእርስዎን ውለታ ቆጥሬ የማልጨርሰው፣ በመመሪያዎ ጥላ ሥር ሠላሳ አንድ ዓመት ተጠልዬ አሁንም እርጥብ የሆንኩት፣ ለማንበብ ጊዜ እስኪያገኙ በትዕግሥት የምጠብቅዎ፣

የበሩ በኩል ተመራማሪ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ስገባ የኮሌጁ የዘር መጋዘን ፊት ለፊት፣ ለመጪው ወቅት ለገበሬዎች የሚከፋፈለው ዘር በሙሉ ሸራ ላይ ተሰጥቶ አየሁ። የመጋዘኑን ሠራተኛ ቶሎ ሰብስብ፣ ዘሩ ሊሞት ነው አልኩት። አሥራ አራት ቀን ይሰጣ የሚለው ትእዛዝ ከእርስዎ ቢሮ በጽሑፍ የወጣ በመሆኑና የጎረቤቴም ጥናት ስለተጠቀሰበት፣ እኔን ሰምቶ ማንሳት እንደማይችል በትሕትና ነገረኝ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው።