ከዛይናል ፊት ለፊት

ይድረስ አውስትራሊያ ላለኸው ልጄ ሃሺም። እንደምን ከርመሃል? ሚስትህና ልጆችህስ? እኔ እዚሁ ሲንጋፖር ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የጎረቤታችን የዛይናል ልጅ፣ የቤቶች መሥሪያ ቤት ከወላጁ አጠገብ ቤት ለሚገዛ በሚሰጠው ድጎማ ፊት ለፊታችን ካለው ሕንፃ ገባ። ሽማግሌው ሊፍት ውስጥ እንኳ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል።

«ዶሮም እንቁላል ጥላ እንዲህ አትንጫጫም!» አልኩት።

«ቀናህ እንዴ፣ አንተ?» አለኝ።

እኔ? በእሱ?

አመሻሽ ላይ የልጅ ልጁ በመስኮት «አያቴ!» እያለ ይጣራል። ትናንት ከዛይናል ቀድሜ «አቤት!» ብዬ ብቅ አልኩ። ያ ተረበኛ ዛይናል አልሳቀም።

ለወሬ ያህል፣ ከጀርባችን አዲስ የመኖሪያ ሕንፃ እየተሠራ ነው። ልጆቹን ሳምልኝ። ድምፃቸው ከሕንፃ ሕንፃ ይሰማ ይሆን?

አባትህ ሱላይማን