በሠልስትህ ቀን ፀሐይ ወጣች

አባዬ፣ ነፍስህን በገነት ያኑራት። አርባህን ካወጣን ሳምንት ሆነን። እህትህ እትዬ አስካለ ወንበርህ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ብላ ነበር፤ እኔ ግን ተቀምጬበት ነው የምጽፍልህ። ታውቀኛለህ።

የቀብርህ ዕለት በዩኒቨርሲቲው የምንሠራበት ክፍል ኃላፊ ካጽናናኝ በኋላ፣ አንተ ከሌለህ የጣሪያውን መሣሪያ የሚያሠራ የለም፣ ክረምቱን ሥራ ፈቶ ከከረመ ነቅለን ወደ አዲስ አበባ እንወስደዋለን አለኝ። ወይ ጉድ! እኔስ? ይህን ሁሉ ዓመት አብሬህ የሠራሁት ለጌጥ ነው? አየር ውስጥ ያለ ጋዝ ሁሉ ከፀሐይ ብርሃን የየራሱን ቀለም እንደሚውጥ፣ መሣሪያውም የጎደለውን ቀለም አይቶ የጋዙን መጠን እንደሚነግረን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ከሰቃ ወረዳ በኩል የሚመጣው የከሰል ጭስ ሳይቀር ከዚያ ይነበባል። ደመና ካለ ግን ምንም የለም። የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቀዋለህ።

ለዚህ አይደል ፀሐይ ብልጭ ስትል እጅህን ሳትታጠብ ከማዕድ የምትነሣው! እኔን ሊጠይቁ ከአሰንዳቦ የመጡትን ሽማግሌዎች እንኳ ደመናው ተገለጠ ብለህ ቁጭ አድርገሃቸው ሄድክ። እኔ ጓዳ ሆኜ በንዴት ጨስኩ። ሽማግሌዎቹ ንቀት መስሏቸው ሊነሡ ሲሉ ለምና ያስቀረቻቸው እትዬ አስካለ ናት።

በሠልስትህ ቀን፣ ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ፣ ሸራው ላይ ፀሐይ አረፈች። ተነሣሁ። እትዬ አስካለ ክንዴን ይዛ የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ ሰው ምን ይላል አለችኝ። ጎረቤታችን አደ ዘሃራ ግን በኦሮምኛቸው ዴሚ፣ ሂጂ ልጄ፣ ፀሐይዋ አትጠብቅሽም ብለው አስለቀቁኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ። ጥቁሬን እንደለበስኩ በባጃጅ ኪቶ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ደረስኩ፤ ዘበኛው ጣሪያውን ከፈተልኝ። የመሣሪያውን መስታወት ወደ ፀሐይ አዞርኩና ደመናው እስኪከድን ድረስ እያለቀስኩ ለካሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ብራ አላመለጠኝም። ትናንት ኃላፊው የክረምቱን ልኬት አገላብጦ አየና የጣሪያውን ቁልፍ በእጄ ሰጠኝ። መሣሪያው አይነቀልም አባዬ፣ እዚሁ ጅማ ይቀራል።

እትዬ አስካለ እስካሁን አኩርፋኛለች፤ ለአባቷ በወጉ አላለቀሰችም እያለች ለሰው ታወራለች። ታውራ። እኔ አልረሳህም። በደመና ቀን ቁጭ ብዬ አለቅስልሃለሁ። ፀሐይ ስትወጣ ግን ሥራ አለኝ።