እናቴ ስትደውል የልብስ ሰፊው አልጋ ስለሚበራበት ጉዳይ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ጤና አጥተው እኛ ክፍል ቢተኙ የሚደርስብዎትን ስለማውቅ ምኞቴ ከልብ ነው።

እኔ ጉሮሮዋን በቀዶ ሕክምና የታከመች እናት ልጅ ነኝ። እናቴ ለጊዜው መናገር አትችልም። አክታ ሲያፍናት ነርስ የምትጠራው ራስጌዋ ባለው ገመድ አልባ ደወል ብቻ ስለሆነ፣ ደወሉ አንደበቷ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. ደወሎቹ ያለ አለቃ እንዲኖሩ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ እንዳስረዳኝ ቁጥር የሚያድላቸው ማዕከል የለም፤ እያንዳንዱ ደወል ሲበራ ራሱ አንድ ቁጥር ይመርጥና ቁጥሩ ባለቤት እንዳለው በዙሪያው ያሉትን ደወሎች ይጠይቃል፣ መልስ ካጣ ይይዘዋል፣ ከዚያም ጥሪውን እርስ በርስ እየተቀባበሉ የደዋዩን አልጋ በመብራት እስከሚያሳየው የነርሶቹ ሰሌዳ ድረስ ያደርሱታል። ጨዋ አሠራር ነው፤ ሰውም ቢሆን ወንበር ከመሳቡ በፊት ሰው አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል።

፪. አሮጌውንና አዲሱን ክፍል የለየው የእድሳት ቆርቆሮ ሳይነሣ ደወሎቹን በሁለቱም ወገን ስላበሩ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ከቆርቆሮው ወዲያና ወዲህ ያሉት አንዱ የሌላውን ጥያቄ ሊሰማ ስላልቻለ፣ የእናቴ ደወልና በአሮጌው ክፍል የተኙት የጡረተኛው ልብስ ሰፊ ደወል አንድ ቁጥር ያዙ። ከዚያ ለምርቃቱ ጥድፊያ ቆርቆሮው ተነሣ፣ ደወሎቹ ተቀላቀሉ፤ እንደገና ተጠያየቁ ያላቸው ግን አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሰሌዳው ቁጥሩን አስቀድሞ በልብስ ሰፊው አልጋ መዝግቦት ስለነበር፣ አሁን እናቴ ስትደውል የሚበራው የእሳቸው አልጋ ነው።

፫. ልብስ ሰፊውን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። እኚህ አባት ነርሷ ሮጣ በመጣች ቁጥር ከእንቅልፋቸው እየባነኑ፣ እሳቸው ደህና መሆናቸውንና ወደ ሴትዮዋ እንድትሮጥ ይነግሯታል። ከክፍልዎ መሣሪያዎች ሁሉ በትክክል የሚሠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውንም እርስዎ የገዟቸው አይመስለኝም።

፬. መፍትሔው ሁሉንም አጥፍቶ ማብራትና እንደ አዲስ እንዲጠያየቁ ማድረግ እንደሆነ ባለሙያዎ ነግሮኛል። እርስዎ ግን ዋናው በር ላይ ደወሎቹ ከተመረቁ ጀምሮ ለአፍታ እንዳልተቋረጡ የሚያበሥር ማስታወቂያ ስላሰቀሉ፣ ማጥፋት የማይታሰብ መሆኑን በክብር አሳውቀውኛል። ገብቶኛል፤ የእናቴ ትንፋሽ ቢቋረጥ ማስታወቂያው አይሰረዝም።

እኔ ግን ፈርቻለሁ። ሥራ ላይ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይሸበራል፤ ምሳ ከጀመርኩ ሳልጨርስ እነሣለሁ፤ ሆስፒታል ስደርስም ሊፍት መጠበቅ አቅቶኝ ደረጃውን እሮጠዋለሁ። ስለዚህ ወይ ደወሎቹን ለጥቂት ደቂቃ እንዲያጠፉልኝ፣ ወይ ልብስ ሰፊው እንዳይድኑ ትእዛዝ እንዲያስተላልፉልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ከማይቋረጥ አክብሮት ጋር፣
የማስታወቂያዎ አድናቂ፣ የዝምተኛዋ ታካሚ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ልብስ ሰፊው ድነው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እንኳን ማራቸው። ወዲያው እናቴ ደወለች፤ ነርሷም ሮጣ ባዶ አልጋ ብታገኝ ደወሉ ተበላሽቷል ብላ ጥሪውን አጥፍታ ተመለሰች። ዛሬ አጠገቧ ስለነበርኩ በጩኸቴ ደረሱላት፤ ነገ ሥራ ገቢ ነኝ። መሣሪያዎችዎ ጠይቀው መልስ ካጡ፣ ማንም የለም ብለው ያልፋሉ። እናቴ መልስ መስጠት አትችልም፤ ግን አለች።