በቅኔ ቤት ጓሮ የሚወርድ እንግሊዝኛ

ግንቦት 28፣ ማለዳ
ዛሬ አርባ ግስ አወረድሁ። ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ቴክ፣ ቱክ፣ ቴከን። ልክ እንደ ግዕዙ፣ በቃሌ፣ ከቅኔ ቤቱ ጓሮ እየተመላለስሁ። ሰው ሲያልፍ ወደ ግዕዝ እዞራለሁ። ሌባ እንኳ እንዲህ አይሳቀቅም።

ምን ላድርግ፣ ማስታወሻዬ? ዐሥራ ሁለት ዓመት ቅኔ ተማርሁ። የኔታ ሲደክማቸው የተማሪውን ቅኔ ሰምቼ የማርመው እኔ አስነጋሪው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ግዕዝን በዲግሪ ልማር ብል፣ መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና እለፍ አሉኝ። አምና ገደል የከተተኝ እንግ. ነው። ለግዕዝ እንግሊዝኛ! ጉድ እኮ ነው። ዘንድሮ ከወደቅሁ በቃኝ፤ ሠላሳን አልፌያለሁ።

የኔታ ይህን አያውቁም። ለመስከረም የመምህርነት ወንበራቸውን ሊያወርሱኝ አስበዋል።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00
ከቲ. ሰሚራ ዘንድ መመለሴ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቱ የእንግ. መምህርት፣ የወሎ ልጅ፣ በዕድሜ ታናሼ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ክፍል ውስጥ ታስጠናኛለች። ገና መሪጌታ እንዳልሆንሁ እያወቀች መሪጌታ እያለች ታሾፍብኛለች።

ዛሬ ስም ነበር። ፉት፣ ፊት። ቻይልድ፣ ቺልድረን። ሀገርን ሲያበዛ አህጉር ብሎ ያደገ ሰው በዚህ አይደነግጥም። ሺፕ ላይ ግን ተናደድሁ። አንድም በግ ሺፕ፣ መቶም በግ ሺፕ። ምን ዓይነት ስንፍና ነው! በቁጣ የሚለወጥ ቢሆን እኔም ድሮ በተቆጣሁ ነበር ብላ ሳቀች።

ሰኔ 3
መቶ ሰማንያ ግስ፣ አንድም ሳልስት! ማን ይችለኛል። እንግሊዝኛ በእጄ ገባ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ
ውርደት።

ቲ. ሰሚራ ስለ ሰፈርህ አንድ አንቀጽ ጻፍ አለችኝ። ጻፍሁ። ከባድ ከባዱን ግስ መረጥሁ። ሰፈሬን ይጁቤን አንዴም በስሟ አልጠራኋትም፤ ገበያውን በጎርፍ መሰልሁ፣ ዳገቱን በሽማግሌ። በእኛ ቤት ምሥጢሩን ወዲያው ያወጣ ቅኔ ከቁም ነገር አይገባም። ሁለት ጊዜ አነበበችው። አልገባትም። ሦስተኛ አንብባ፣ ግሱ ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ልየው ብላ በስሜ ጠርታ፣ ከማን ነው የምትደብቀው አለችኝ።

እሷ የጠየቀችኝ ስለ ጽሑፉ ነው። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ የኔታን ሳስብ መጣሁ።

ሰኔ 8
እንደ አዲስ ጻፍሁ። ሰፈሬ ይጁቤ ነው። ቅዳሜ ገበያ አለ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል። ሕፃን የጻፈው ይመስላል። አፈርሁ። ግን ይገባል! ዐሥር ጊዜ ጻፍሁት፣ በአሁን ጊዜ፣ በኃላፊ ጊዜ። እጄ ደነዘዘ። ነገም እደግመዋለሁ።

ሰኔ 11፣ ከሰዓት
የኔታ አስጠሩኝ። ተማሪውን ሁሉ አስወጡ። ጓሮ የምታወርደው ምንድን ነው አሉኝ። ፈተናውንም ዩኒቨርሲቲውንም ዘርግፌ ነገርኋቸው።

ሰምተው ሲያበቁ፣ በል አውርደው አሉኝ። እንግሊዝኛውን! ለእርስዎ ምን ይረባዎታል ብል፣ አውርድ ብዬሃለሁ አሉ። አወረድሁ። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ድገም አሉ። ስደግም መሐል ላይ መቋሚያቸው መሬቱን መታው። ቅድም እንዲህ አላልህም! እውነታቸውን ነው፤ ድሪንክ፣ ድራንክ ላይ ስቻለሁ። አንድ ቃል ሳያውቁ አረሙኝ። ልስቅ ስል ዕንባ ቀደመኝ።

እሺ ያሉኝ መስሎኝ ነበር። ወንበሩን ለኅሩይ እሰጠዋለሁ አሉ። ሁለት ልብ ላለው ሰው ወንበር አይሰጥም። ኅሩይ ከእኔ በኋላ የመጣ ነው፤ ቅኔውን እኔ ነኝ ያረምሁለት። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። እንዳሉ ይሁን ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ሰኔ 12
ቀናሁ። ምን ይደበቃል፣ ቀናሁ።

ኅሩይ ሊያጽናናኝ መጣ። ፈተናውን ተወው፣ የኔታ ይራሩልሃል፣ እኔም ወንበሩን እለቅልሃለሁ አለኝ። ከልቡ ነው፤ ክፋት አያውቅም። እስከ ምሳ ድረስ ልተወው ምንም አልቀረኝም። ከምሳ በኋላ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ጓሮ ሳይሆን ከፊት፣ ከደጀ ሰላሙ ዘንድ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አወረድሁ። ተማሪው አፉን ከፍቶ አየኝ። ይይ።

ሰኔ 21፣ ማለዳ
ዛሬ ወደ ማርቆስ ከተማ፣ ወደ ፈተናው። አንተን አላስገባህም፣ ማስታወሻዬ፤ ወረቀት ክልክል ነው።

ተማሪዎቹን ሰብስቤ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚያርማችሁ ኅሩይ ነው አልሁ። ከዚያ የኔታን ተሰናበትሁ። ባረኩኝ። ባርከው ሲያበቁ፣ ብትወድቅ ደጄ ክፍት ነው፣ ግን ከተማሪዎቹ ጋር ነው የምትቀመጠው አሉኝ። እሺ አልሁ።

ሚኒባሱ እየሞላ ነው፣ ረዳቱ ማርቆስ ማርቆስ ይላል። ብወድቅ ኅሩይ ነው የሚያርመኝ። ያርመኝ። እሄዳለሁ።