ስለ ሦስተኛዋ ኤምዋን

እኔ ቨርሊን ስታውፈር፣ የኦሃዮ ነዋሪና ጡረተኛ የቶርኖ ሠራተኛ፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ ዛሬ ማክሰኞ ማርች 12 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ይህን ቃሌን በጠበቃዬ እጅ አስጽፌአለሁ። በዚህ በተኛሁበት ክፍል ውስጥ የሚባለው ሁሉ ሳይቀነስ እንዲገባ አዝዣለሁ።

ቤቴ ለልጄ ለኮሪን ይሁን፤ እናቷን ያስታመመች እሷ ናት። ሁለቱ ተራ ኤምዋን ጠመንጃዎቼ ለወንድ ልጄ ለራስል ይሁኑ።

ሦስተኛዋ ግን ሐሰተኛ ናት። የመጀመሪያዎቹ ኤምዋኖች ሲተኮሱ የሚወጣውንና ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርሰውን ጋዝ የሚይዙት በአፈሙዛቸው ጫፍ ነበር። ጦሩ መልሶ ሰብስቦ ለወጣቸው፤ ሳይለወጡ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የኔዋም ከተለወጡት አንዷ ነበረች። በ1991 የፊቷን ክፍል በገዛ ቶርኖዬ ሠርቼ ያልተለወጠች አስመሰልኳት። ወደ ቀድሞ መልኳ መለስኳት እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ እንጂ ነገሩ ቅናት ነበር፤ ሌላ የድሮ ጠመንጃ ሰብሳቢ ያልተለወጠች እውነተኛ ማግኘቱን ሰምቼ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ወዳጄ ላይል ኬስለር መርምሮ ትክክለኛ ናት ብሎ ፈረመላት፤ በሰብሳቢዎች መጽሔትም ወጣች። ላይልን ያታለልኩት እኔ ነኝ።

ልጄ ራስል እዚህ ላይ ከወንበሩ ተነሣ።

«አባዬ፣ ሦስተኛዋን የሚገዛው ገበሬ ዓርብ ይመጣል እኮ። ሰውየው ለሷ ብሎ ትራክተሩን ሸጧል።»

«ለዚህ አይደል ዛሬ የምናገረው?»

ወደ ጠበቃው ዞሮ፣ «መድኃኒቱ ነው የሚያናግረው፤ አይጻፉት» አለ። ጠበቃው አየኝ። ይጻፉ አልኩ።

ስለዚህ ሦስተኛዋ ለማንም አትሸጥ። በአፈሙዟ ላይ ስሜና የሠራሁበት ዓመት ይቀረጽ። ይህን ያፈረሰ ሌሎቹን ሁለቱን አይወርስም።

ለምስክርነት የጠራሁት ላይል ብዕሩ ሲሰጠው አልተቀበለም።

«ተታለልኩ ብዬ አልፈርምም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ እኮ፣ ላይል።»

«ሠላሳ ዓመት አብሬህ ሠርቼ የእጅህን ሥራ አላውቀውም? ገና ስፈታት አወቅኩት። ስሜ በመጽሔቱ እንዲወጣ ፈልጌ ዝም አልኩ። እንደዚያ ይጻፍ። ለገበሬው እኔው እደውላለሁ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቱን ማየት እያሳፈረኝ ኖሬአለሁ። መጀመሪያ ተናደድኩበት፤ ቀጥሎ አለቀስኩ። ራስል በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ። ይህም ይጻፍ።

ተናዛዥ፦ ቨርሊን ስታውፈር (ፊርማ)

ምስክር፦ ዴኒስ ኦርቲዝ፣ ነርስ (ፊርማ)

ምስክር፦ ላይል ኬስለር፣ ያኔም አውቄ፣ ዛሬም አውቄ የፈረምኩ (ፊርማ)