መርከቧ የቆመችበት መጽሐፍ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጥቅምት 11

ለኔ ከዋክብት ቆጣሪ፣

እንዴት ነህ? የተከራየኸው ክፍል ይሞቃል? ምግብስ ትበላለህ ወይስ ያው ሻይና ዳቦ ነው? እኔ ደህና ነኝ። የተማሪዎች ዩኒፎርም ስፌት ወጥሮ ይዞኛል፤ ወገቤማ አልታዘዝ ብሏል።

አምስተኛው መጽሐፍህ ደረሰኝ። ለኔ አንዲት መስመር እንኳ ሳትጽፍበት መላክህ ደግ አይደለም፤ ግን ይሁን። አራቱን ከማንም በፊት ያነበብኩት እኔ ነበርኩ፤ ይሄን ግን ያነበብኩት ሰው ሁሉ ካማው በኋላ ነው። ጎረቤታችን መጽሐፍ ሻጩ ስፌት ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «እህቴ፣ ባልሽን ምን ነካው? አራት መጽሐፍ ሙሉ በጠፈር ሲያበርረን ከርሞ እዚህኛው ላይ መርከቧን ገትሮ ተቀመጠ! ደንበኞቼ እኔ ላይ ይጮሁብኛል» አለኝ።

እውነቱን ልንገርህ? አይጥምም። መርከቧ ጊዜ የማያልፍበት ጭጋግ ውስጥ ገባች፣ ሰዓቶቹ ሁሉ ቆሙ፣ በቃ። ካፒቴኑ ይተክዛል፤ መካኒኩ ያንኑ ቱቦ ይፈታል፣ መልሶ ይገጥማል። መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ አትቀየመኝ።

ከዚያ የካፒቴኑ ልጅ ያለችበት ገጽ ላይ ደረስኩ። የቀኝና የግራ ጫማዋን አቀያይራ አድርጋ፣ «እግሮቼ ናቸው የተሳሳቱት» ስትል። ልክ እንደኛዋ! ያኔ ገባኝ። እሷን ከልጃችን ነበር የቀዳሃት፤ ከመጽሐፍ መጽሐፍ አብረው አደጉ፣ አራተኛው ላይ ሁለቱም ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። የኛዋ እዚያው ላይ ቀረች። አምስተኛው ላይ የካፒቴኑ ልጅ አስር ሊሞላት ሆነ፣ እጅህ እምቢ አለ። መርከቧን የገተርካት ለዚህ ነው፣ አይደል? ወይኔ የኔ ምስኪን! ብቻህን እዚያ ክፍል ተቀምጠህ ሰዓት ስታቆም!

መጽሐፉን አቅፌ አለቀስኩ፣ ደንበኛ ፊት። ለልጇ ልታሰፋ የመጣች ሴት ደንግጣ፣ «ምነው፣ ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። «ልጄ» አልኳት። ከቀብሩ ወዲህ ይሄ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አንተም አላወጣኸውም። ክፍል ከመከራየትህ በፊት አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ባዳ ለባዳ የሆንነው በዚሁ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ሰው «ስድስተኛውን ባይጽፈው ይሻለዋል» ይላል፤ አትስማቸው፣ ጻፈው። ጭጋጉን ግፈፈውና መርከቧን አስነሳት። ልጅቷን አትግደልብኝ፤ እዚያው ቆማም አታስቀርብኝ። አስር ዓመት ይሙላት። ታኩርፍህ፣ መልስ ትመልስብህ፣ በር ድርግም አድርጋ ትዝጋብህ። ይሄ ቀሚስ አጠረኝ ብላ ትነጫነጭ። አንተ ታውቅበታለች የምትለውን ሁሉ ታድርግ።

ፈጣሪ እጅህን ያበርታልኝ፣ የሰላም እንቅልፍም ይስጥህ። እኔ አስር ሲሞላት ማየት እፈልጋለሁ፤ ካንተ መጽሐፍ በቀር ደግሞ የማያት ቦታ የለኝም።

የልጅህ እናት