የሟቹ ተከራይ ኮሌታ፦ አቶ አምላኩ ንጉሤ (1948–2013 ዓ.ም.)

«አምላኩ እኮ ለፊልም ብሎ ማተቡን በጥሷል!» የጆሃንስበርግ ኢትዮጵያውያን ዕድር ሊቀመንበር ጋሽ ሀይለየሱስ ይህን ወሬ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በሠርግም በልቅሶም ሳይታክቱ ሲደጋግሙት ኖረዋል። ዛሬ የአቶ አምላኩ አስከሬን ፊታችን ነውና ወሬው ይብቃ፤ ሕይወታቸው ይነበብ።

አቶ አምላኩ ከአባታቸው ከአቶ ንጉሤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የአለምወርቅ መጋቢት 12 ቀን 1948 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ፤ የቀረውን ራሳቸው አንብበው ሞሉት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዲግሪ ካላየ ትምህርት የማይመስለው ካለ፣ ችግሩ የራሱ ነው። በ1970ዎቹ ደሴ በቀበሌ የኪነት ቡድን ሲጫወቱ፣ ቁመታቸው ከሁሉም ስለሚበልጥ ሁልጊዜ ጨቋኙን ባላባት ያደርጓቸው ነበር።

በ1987 ዓ.ም. በኬንያ በኩል ጆሃንስበርግ ገቡ። ዮቪል በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ለስድስት ተከራይተው፣ በየሰፈሩ በር እያንኳኩ የአልጋ ልብስ ይሸጡ ጀመር። በ1989 ዓ.ም. ዳቬይተን በሚባል ሰፈር አንድ በር አንኳኩተው በትሕትና ቆመው ሲጠብቁ፣ የከፈተችው ሴት የሞተ ሰው የቆመባት መስሏት ጮኻ ወደቀች። ወንድሟ የቪዲዮ ፊልም ሠሪ ነበር፤ እህቱን ከማንሳቱ በፊት የእሳቸውን ስም ጠየቀ።

«ሟቹ ተከራይ» የተባለው ፊልም እንዲህ ተጀመረ፤ እስከ 1996 ዓ.ም. አምስት ክፍል ወጣው። አቶ አምላኩ የሞተ ሰው ሆነው፣ ኮሌታው እስከ አገጭ የሚደርስ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ በር ሦስት ጊዜ አንኳኩተው ይጠብቃሉ። በቃ። ደም የለ፣ የተሳለ ጥርስ የለ። ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ሁለት ደቂቃ ይቆሙ ነበር፤ በኋላ በከፈቱት ሱቃቸው ውስጥ ባንኮኒው ጋ ቆመው በግድግዳ ሰዓት ይለማመዱት ነበር። በክሊፕታውን ሰፈር ሲያልፉ ልጆች የሹራባቸውን አንገት እስከ አፍንጫቸው ስበው በዙሉ ሰላምታ «ሳውቦና ባባ! ኳ፣ ኳ፣ ኳ!» እያሉ ይከተሏቸዋል፤ እሳቸውም ቆም ብለው ያፈጡላቸዋል። የሰው አገር ልጅ ሲያጨበጭብላቸው የገዛ ወገናቸው አማተበባቸው።

በ1990 ዓ.ም. ወይዘሮ ራሄልን አግብተው በ1991 ዓ.ም. ልጃቸውን ማራኪን ወለዱ። ሕፃኗን ክርስትና ልታነሳ ቃል የገባችው ሴት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «የአባቷ ነገር ከበደኝ» ብላ ተመለሰች። ያነሷት ለሌላ ልጅ ክርስትና የመጡ፣ ስሟን እንኳ የማያውቁ እናት ናቸው። ዕድሜ ይስጣቸው።

አቶ አምላኩ ወደ ዕድሩ ለመግባት ሦስት ጊዜ አመለከቱ። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲሞቱ ሳጥናቸውን የአገራቸው ሰው እንዲሸከመው። በሦስተኛው ጊዜ በጉባኤው ፊት የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈተው ማተባቸውን አሳዩ። ጋሽ ሀይለየሱስ ቀረብ ብለው አዩና «ይሄማ ኋላ የታሰረ ነው፤ ክሩ ራሱ አዲስ ነው» አሉ። ጉባኤው ሳቀ። አቶ አምላኩ ቁልፋቸውን ቆልፈው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። እኒያ ዓይናቸውን የማያርገበግቡ ሰው መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሲያለቅሱ ያየች ልጃቸው ናት። ከዚያ ወዲያ በቤታቸው ነገሩ ሲነሳ «ለእግዜር ያሰርኩትን ለሰው አላስረዳም» ከማለት በቀር ምንም ተናግረው አያውቁም።

ሰኔ 13 ቀን በኮሮና ታመው ሆስፒታል ገቡ። አሥራ አንድ ቀን በኦክሲጅን ሲረዱ ቆይተው፣ ሐሙስ ሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ሕጉ ለቀብር ሃምሳ ሰው ይፈቅዳል፤ የተገኘነው ዘጠኝ ነን። ኮሮና ፈርተን ቀረን ያላችሁ፣ ይህ ጽሑፍ በስልካችሁ ይደርሳችኋል፤ ያለፈው ቅዳሜ የልደት ጭፈራችሁ ቪዲዮም በስልካችን ደርሶናል። ሳጥኑን የሚሸከሙት ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ፣ አምላኩ ማን እንደሆኑ የማያውቁ ሠራተኞች ናቸው።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ራሄልን እና ልጃቸውን ማራኪን ትተው አልፈዋል። በር ላይ ቆመው መጠበቅስ ዕድሜ ልካቸውን ጠብቀዋልና፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳያስጠብቅ ያስገባልን።

ትናንት ዓርብ፣ የፊልሙን ልብሶች የሰፉት፣ በ1997 ዓ.ም. አገር ቤት የገቡት ወይዘሮ ባህሪያ ሊያጽናኑን ከደሴ ደወሉ። ወሬውንም ነገርናቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦ ዳይሬክተሩ ማተቡ በካሜራ ይታያል፣ ይበጠስ ብሎ ነበር፤ አቶ አምላኩ እንቢ ብለው ቀረጻው ሁለት ቀን ቆመ፤ በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ባህሪያ ራሳቸው የካፖርቱን ኮሌታ እስከ አገጭ አስረዝመው ሰፉት፣ ማተቡን እንዲሸፍን።